የተሰበረ ፊደል ያስታውቃል፤ የተሰበረ ቁጥር ግን ይዋሻል

በስልክ ስክሪን ላይ አንድ የአማርኛ ቃል ተበላሽቶ ሲመጣ ማንም ያውቀዋል። በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ይደረደራል፤ ወይም ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይዝረከረካል። አንባቢው «አልተከፈተልኝም» ብሎ ይተወዋል፤ አለዚያም የላከለትን ሰው «ደግመህ ላክልኝ» ይለዋል። ጉዳቱ እዚያው ላይ ያበቃል።

ቁጥር ሲበላሽ ነገሩ ሌላ ነው። መምህር 2⁵ ብሎ የጻፈው ጥያቄ ከፒዲኤፍ ወደ ቴሌግራም ሲገለበጥ፣ ከፍ ብላ የተጻፈችው 5 ወርዳ ከ2 ጎን ትቆምና 25 ይሆናል። ትክክለኛው መልስ 32 ነበር። 10⁶ ወደ 106 ይለወጣል፤ አንድ ሚሊዮን መቶ ስድስት ሆኖ ቀረ ማለት ነው። አንድ ሺኛ መሆን የነበረበት 10⁻³ ደግሞ 10-3 ሆኖ ይመጣና ተማሪው ሳይጠራጠር 7 ብሎ ይመልሳል። ሦስት አራተኛም ላዕሉና ታህቱ ተጣብቀው 34 ይሆናል። ሳጥን የለም፤ ዝርክርክ ፊደል የለም፤ ሁሉም ንጹሕ ቁጥር ነው። ችግሩም ይኸው ነው፤ ስሕተቱ ስሕተት አይመስልም።

ብዙ ሰው ይህን የኮምፒውተር ባለሙያዎች ጣጣ አድርጎ ያየዋል። ብራውዘር፣ ፎንት፣ ኮድ የሚሉ ቃላት ሲሰማ ጉዳዩን ለእነሱ ይተወዋል። ነገር ግን የሒሳብ ምልክትና የግዕዝ አኃዝ በየስልኩ በትክክል መታየት አለመታየቱ ዛሬ የትምህርት ጉዳይ ነው። ቴክኒካዊው መፍትሔ በአብዛኛው ተገኝቷል። የቀረው የሚያሳትሙ፣ የሚለጥፉና የሚፈትኑ ተቋማት ልማድ ነው። የዚያን ልማድ ዕዳ የሚከፍለው ደግሞ ከሁሉም በላይ ከመምህር የራቀው ልጅ ነው።

*ማግስት የሌለው ትምህርት*

አዲስ አበባ ላለ ተማሪ ነገሩ ትንሽ ነው። መጽሐፍ አለው፤ መምህሩ ነገ ክፍል ይገባል፤ ካልሆነም አስጠኚ አለ። ስልኩ ላይ 25 ሆኖ የመጣው ቁጥር በማግስቱ ሰሌዳ ላይ ይታረማል።

ላሊበላ፣ ላስታና አጎራባቾቹ ቡግና፣ ግዳንና መቄት ግን ባለፉት ዓመታት ያ ማግስት ብዙ ጊዜ አልመጣም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከሐምሌ 2013 መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ላሊበላ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትቀያየር ቆየች፤ መብራትና ስልክ ለወራት ጠፋ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት እንደገና በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። በ2012 አራተኛ ክፍል የነበረ ልጅ፣ ባይስተጓጎል ኖሮ፣ በ2018 አስረኛ ክፍል በደረሰ ነበር። በመካከሉ ያሉት ዓመታት ክፍልፋይ፣ ርቢ፣ አሉታዊ ቁጥርና ቀላል እኩልታ የሚለመዱባቸው ናቸው። ሒሳብ ደግሞ ደረጃ ዘሎ አይወጣም።

በዚህ ክፍተት ውስጥ ስልክ መምህር ሆነ። ኔትወርክ ሲገኝ የወረደ ፒዲኤፍ፣ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው የተሻገረ የጥያቄ ወረቀት፣ በቴሌግራም የተለጠፈ መልስ። ይህ ከምንም ይሻላል። ነገር ግን መምህር ያለበት ክፍልና ስልክ ብቻ ያለበት ቤት አንድ ዓይነት አይደሉም። መምህር የተሳሳተ ወረቀት ቢደርሰው እንኳ አንብቦ «ሁለት በአምስት ርቢ ማለት ነው» ይላል። ስልኩ አይልም። ስክሪኑ ላይ ያለው ብቻ ነው ትምህርቱ። ስለዚህ «ትምህርት ቤት በተዘጋበት አገር የምልክት ነገር ማንሳት ቅንጦት ነው» የሚለው ክርክር የተገለበጠ ነው። መምህር በሌለበት ቦታ ነው ጽሑፉ ራሱን ችሎ መቆም ያለበት።

*ልብስ የለበሰ ቁጥር*

ችግሩ ከየት መጣ? ኮምፒውተር ፊደልን በመልኩ አያውቀውም። ለእያንዳንዱ ፊደልና ምልክት የተሰጠ መለያ ቁጥር አለ፤ ፎንት ለዚያ መለያ የሚለበስለት ልብስ ነው። መለያው ትክክል ከሆነ ልብሱ ቢቀየር ፊደሉ ያው ነው። መለያው የሌላ ከሆነ ግን ልብሱ የወለቀ ዕለት የውስጡ ይታያል።

ዩኒኮድ ከመስፋፋቱ በፊት አማርኛ በኮምፒውተር የተጻፈው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ሌሎችም የላቲን መለያዎችን የአማርኛ ፊደል አለበሷቸው። በጊዜው ሌላ መንገድ ስላልነበረ የሠሩት ሰዎች ባለውለታ ናቸው። መዘዙ ግን ዛሬም አለ። በአንዱ ፎንት የተጻፈው በሌላው አይነበብም፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ደብዳቤው በሙሉ የላቲን ጥራጊ ይሆናል። ቢሮ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

የሒሳብ ምልክትም ያንኑ ዕጣ ነበረው። ሲምቦል የሚባለው ፎንት ≤ን የሚያሳየው የእንግሊዝ ፓውንድን መለያ አልብሶ ነው፤ ፎንቱ ሲጠፋ £ ይወጣል። √ ሁለት ነጥብ የተደረበባት የላቲን «ኦ» ትሆናለች። የፓይ ምልክት π ተራ የላቲን «ፒ» ሆና ትቀራለች። ከሁሉም የከፋው ≥ ነው፤ ልብሱ ሲወልቅ ከፍ ያለች ትንሽ 3 ይሆናል። «5 ≥ 2» ብሎ የተጻፈው «5 ³ 2» ሆኖ ይመጣል ማለት ነው። የማነጻጸሪያ ምልክት የነበረው ርቢ ሆነ። ለዓመታት በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በደንብ የታየ ገጽ በፋየርፎክስ ሲከፈት የተመሰቃቀለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ከዘመናት በፊት በሲምቦል የተተየበ የፈተና ጥያቄ እየተገለበጠ ዛሬም ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል።

ለአማርኛ እፎይታው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ነው። ውጭ አገር የሚኖሩ እንደ ፍሥሐ አጥላውና ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ባለሙያዎች የግዕዝን ፊደል ከኮምፒውተር ጋር ለማስማማት ዓመታት ደክመዋል። በዚያ እትም 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች የራሳቸውን መለያ አገኙ፤ ከእነዚህ ውስጥ 20ዎቹ ከ፩ እስከ ፼ ያሉት አኃዞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሽያጭ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። ጎግል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ኖቶ የተሰኘውን የፎንት ቤተሰብ ይፋ አደረገ። ዓላማው በየትኛውም ቋንቋ ባዶ ሳጥን እንዳይታይ ማድረግ ነበር፤ ግዕዝም አልተረሳም። ዛሬ አዲስ ስልክ የገዛ ሰው አማርኛ ለማንበብ ምንም መጫን አያስፈልገውም።

*ብራውዘሮቹ አሥር ዓመት አጓትተዋል*

የሒሳብ ምልክቶች ግን መለያ ብቻ አይበቃቸውም። ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ተራ በተራ ይሰለፋል፤ ሒሳብ ግን ላይና ታች አለው። ክፍልፋይ ይደራረባል፤ ርቢ ከፍ ይላል፤ የስኩዌር ሩት ጣራ እስከ መጨረሻው ቁጥር ይዘረጋል። ቦታው ራሱ ትርጉም ነው። ለዚህ ሲባል ማትኤምኤል የተባለ የአጻጻፍ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1998 በዓለም አቀፉ የድር ደረጃ አውጪ ድርጅት ጸደቀ። ድር ገና ልጅ ሳለ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን አሳፋሪ ነው። ፋየርፎክስ ቀድሞ ተቀበለው፤ ሳፋሪም ተከተለ። የጎግል ክሮም እ.ኤ.አ. በጥር 2013 በ24ኛው እትሙ አስገባውና ወዲያው በሚቀጥለው እትም በደኅንነትና በጥራት ምክንያት አወጣው። ከዚያ አሥር ዓመት ሙሉ በዓለም በብዛት የሚሠራበት ብራውዘር ክፍልፋይን በራሱ ማሳየት አይችልም ነበር። በመጨረሻ ኢጋልያ የተባለ የስፔን ኩባንያ ሥራውን አጠናቀቀና እ.ኤ.አ. በጥር 2023 በክሮም 109 ተመለሰ።

በእነዚያ አሥር ዓመታት ድረ ገጾች ዘዴ ፈጠሩ። ማትጃክስና ካንአካዳሚ የሠራው ካቴክ ገጹ ሲከፈት ተጨማሪ ፕሮግራም አውርደው ሒሳቡን ስክሪኑ ላይ ይሥሉታል። ጥሩ ኢንተርኔት ላለው ሰው ድንቅ ነው። ኔትወርክ ሲደካክም ግን ፕሮግራሙ መንገድ ላይ ይቀርና ተማሪው የሚያየው ጥሬውን ኮድ ነው፤ የዶላር ምልክት፣ ወደ ኋላ የተጋደመ ሰረዝ፣ ቅንፍ በቅንፍ። ዳታ ለመቆጠብ ኦፔራ ሚኒን የሚጠቀም ሰው ደግሞ ገጹ የሚደርሰው በኩባንያው ሰርቨር ተጨምቆ ነው፤ በከፍተኛው የቁጠባ ደረጃ ላይ ከገጹ ጋር የሚላከው ፎንት አይደርሰውም። ዳታ የሚቆጥበው ደግሞ ገንዘብ የሌለው ነው። የከተማው ልጅ ንጹሕ ቀመር ሲያይ የአይና ቡግናው ልጅ ኮድ የሚያየው በዚህ መንገድ ነው፤ ሁለቱም የከፈቱት ግን አንድ ገጽ ነው።

አሁን ያ ሰበብ በአብዛኛው አልፏል። ሦስቱም ዋና ዋና ብራውዘሮች ያለ ምንም ተጨማሪ ፕሮግራም ክፍልፋይን፣ ርቢን፣ ሩትን ማሳየት ይችላሉ። አሮጌ ስልኮች አዲሱን ክሮም አይቀበሉም፤ ብዙ አንድሮይዶችም ለሒሳብ የተዘጋጀ ፎንት ይዘው አይመጡም። እነዚህ እውነተኛ እንቅፋቶች ናቸው። ነገር ግን ፎንቱ ባይኖር እንኳ ላዕሉ ላይ፣ ታህቱ ታች ይቀመጣል፤ መልኩ ቢያስጠላም ትርጉሙ አይዋሽም። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

*ሊቃውንቱ ያስቀመጡት መቆጣጠሪያ*

ስለ ቁጥር በላሊበላ ሲወራ የግዕዙን አኃዝ መዝለል አይቻልም። «ዛሬ ማን ይጠቀምበታል?» የሚል ይኖራል። የመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍና ቁጥር፣ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ፣ የብራና መጻሕፍት፣ የአዋጅ ቁጥራቸውንና ዓመተ ምሕረታቸውን በግዕዝ ያተሙ የነጋሪት ጋዜጣ እትሞች ይጠቀሙበታል። ከሁሉም በላይ ባሕረ ሐሳብ አለ፤ በላስታ ደብሮችና ገዳማት ሳያቋርጥ የኖረ ሒሳብ።

የ2018ን ስሌት ማየት ይበቃል። ዓመተ ዓለሙ 5500 ሲደመርበት 7518 ነው፤ በግዕዝ ፸፭፻፲፰። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12 ይወጣል። 12 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይወጣል። መጥቅዕ ከ14 በላይ ስለሆነ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ነው። ያ ቀን እሑድ ዋለ፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፤ 18 እና 7 ሲደመሩ መባጃ ሐመር 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4።

እንግዲህ ፲፰ ተብሎ የተጻፈው መጥቅዕ ፲ዋ ጠፍታ ፰ ብቻ ሆኖ አንድ ስልክ ላይ ቢደርስስ? 8 ከ14 በታች ነው። በዓለ መጥቅዕ ከመስከረም ወደ ጥቅምት ይሸሻል፤ ነነዌ ከጥር ወደ የካቲት ትዘላለች፤ ፋሲካም አብሯት ይሄዳል። አንዲት ምልክት የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ትበትናለች።

ባሕረ ሐሳብ ግን ለዚህ መድኃኒት አለው። አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ሲደመሩ 30 መሆን አለባቸው። 12 እና 18፣ 30 ነው። 12 እና 8 ግን 20 ነው፤ ደብተራው ወዲያው «ተሳስቷል» ይላል። በጽሑፍ የሚተላለፍ ቁጥር መንገድ ላይ ቢበላሽ የሚያጋልጥ መቆጣጠሪያ በስሌቱ ውስጥ አለ። በቴሌግራም የሚዞረው 25 እንዲህ ያለ መቆጣጠሪያ የለውም። 2⁵ እንደነበር የሚመሰክርለት ማንም የለም።

የግዕዝ አኃዝ በኮምፒውተር ዓለም የራሱ ሌላ ፈተና አለበት። ዜሮ የለውም፤ ፻ ከፊቷ ያለውን ታበዛለች፣ ከኋላዋ ያለው ይደመራል። ስለዚህ ዩኒኮድ ከተራ የአስርዮሽ አኃዞች ጋር አልመደበውም። ኤክሴል ውስጥ ፲ እና ፭ ተጽፈው ደምር ቢባል አይደምርም። በፊደል ተራ አስተካክል ቢባል ፪፻ ከ፫ በፊት ይመጣል፤ ሁለት መቶ ከሦስት ያንሳል ማለት ነው። 1987 ብሎ የሚፈልግ ሰው ፲፱፻፹፯ የተባለውን አዋጅ አያገኘውም። እነዚህ የሚፈቱ ናቸው። ብራውዘሮች ዛሬ ተራ ዝርዝርን ከ፩ ጀምረው በግዕዝ የሚቆጥሩበት ሥርዓት በውስጣቸው አላቸው፤ ጸሐፊው አንድ መስመር ትእዛዝ ብቻ ይጨምራል። ቁጥሩን በሁለቱም መጻፍ፣ ማለትም ፳፻፲፰ (2018) ማለት ደግሞ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

*«ፎቶ አንስተን እንላክ»*

ይህ ሁሉ መፍትሔ እያለ በአገሪቱ የተለመደው መንገድ አንድ ነው፤ ፎቶ። መጽሐፉ ስካን ይደረጋል፤ ጥያቄው በስልክ ካሜራ ይነሣል፤ የበዓላት ማውጫው ሠንጠረዥ በሥዕል ይለጠፋል። ክርክሩም አሳማኝ ይመስላል፦ ፎቶ በየትኛውም ስልክ ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ 2⁵ መቼም 25 አይሆንም።

እውነት ነው። ለአንድ ቀን ችግር ፎቶ መልካም ነው። የአገር የትምህርት ሥርዓት ግን በፎቶ ሊቆም አይችልም። አንድ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ ስድስት ሰባት ኪሎባይት ቢሆን ነው፤ ፎቶው መቶዎችን ይበላል። ኔትወርክ ለደቂቃዎች ብቻ ብቅ በሚልበት ቦታ ይህ ልዩነት የደረሰና ያልደረሰ ትምህርት ልዩነት ነው። ፎቶ በትንሽ ስክሪን ላይ ሲሰፋ መስመሩ ከስክሪን ይወጣል። በፎቶ ውስጥ ያለውን ቃል መፈለግ አይቻልም። ዐይነ ስውር ተማሪ በስልኩ ድምፅ አንባቢ ሊያስነብበው አይችልም፤ በትክክል የተጻፈን ቀመር ግን ማሽን ድምፅ አውጥቶ ሊያነበው ይችላል። ከፎቶ ላይ ደግሞ ተማሪው ወይም ሌላ መምህር ሲገለብጥ ያው የመጀመሪያው ስሕተት ይመለሳል።

ፒዲኤፍም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ትምህርት ሚኒስቴር የአዲሱን ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በፒዲኤፍ ማሰራጨቱ የሚመሰገን ነው፤ የታተመው መጽሐፍ ላልደረሰው ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ፒዲኤፍ ለማተሚያ ቤት የተሠራ ነው። ገጹ የወረቀት ስፋት ነው፤ በስልክ ላይ ግራና ቀኝ እየተጎተተ ይነበባል። ውስጡ ያለው ርቢ ደግሞ ከፍ ያለ የሚመስለው ለዐይን ብቻ ነው፤ ሲገለበጥ ይወድቃል። የዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው 25 የሚወለደው ከዚህ ነው።

*ፈተናው ስክሪን ላይ ሲወጣ*

ጉዳዩን አጣዳፊ የሚያደርገው ሌላ ነገር አለ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር እየተሰጠ ነው፤ ዕቅዱም እየሰፋ እንዲሄድ ነው። መስረቅና ማጭበርበርን ለመቀነስ፣ ወረቀት በየበረሃው ከማጓጓዝ ለመዳን የተመረጠ መንገድ ነው። ክርክሩ እሱ ላይ አይደለም። ነገር ግን ፈተና ስክሪን ላይ ሲወጣ የምልክቱ አቀማመጥ የፈተናው አካል ይሆናል።

ወረቀት አንድ ጊዜ ከታተመ በመላ አገሪቱ አንድ ነው። ስክሪን አይደለም። አንዱ ፈተና ጣቢያ አዲስ ኮምፒውተር፣ ሌላው አሮጌ ይኖረዋል፤ የብራውዘሩ እትም ይለያያል፤ የተጫነው ፎንት ይለያያል። አንድ ጥያቄ ደሴ ላይ በአንድ መልክ፣ ላሊበላ ላይ በሌላ መልክ ቢታይ ሁለቱ ተማሪዎች የተፈተኑት አንድ ፈተና አይደለም። ከፈተናው ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ምልክት ተጠያቂ ነው የሚል የለም፤ ምክንያቶቹ ከዚያ እጅግ የከበዱ ናቸው። ነገር ግን መስመሩ ይህን ያህል ጠባብ በሆነበት ፈተና አንዲት ጥያቄ ልጅን ከዩኒቨርሲቲ በር ልትመልስ ትችላለች። ያቺ ጥያቄ በልጁ ድክመት እንጂ በኮምፒውተሩ ፎንት መውደቅ የለባትም።

*ሳይቃጠል በቅጠል*

የሚያስፈልገው ትልቅ በጀትም አዲስ ሶፍትዌርም አይደለም። አራት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ የሒሳብና የሳይንስ መጻሕፍት ከፒዲኤፍ ጎን ለጎን በድረ ገጽ ጽሑፍ ይውጡ፤ ቀመሮቹ በማትኤምኤል ይጻፉ፤ ገጹ አንዴ ወርዶ ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ ይሁን። ሥራውን የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች በመመረቂያ ፕሮጀክት መልክ ምዕራፍ በምዕራፍ ሊሠሩት ይችላሉ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ለላስታ ቅርብ ነው፤ ከእሱ ቢጀመር ያምራል።

ሁለተኛ፣ ማንኛውም የትምህርት ገጽ ከመለቀቁ በፊት በርካሽ ስልክ ይፈተሽ። አዘጋጁ ቢሮ ውስጥ በትልቅ ስክሪን ያየው ገጽ ፈተና አልፏል ማለት አይደለም። ገጠር ባለ ቤተሰብ እጅ በሚገኝ አሮጌ አንድሮይድ፣ በክሮምና በኦፔራ ሚኒ፣ በደካማ ኔትወርክ ይከፈት። 2⁵ እዚያ ላይ 2⁵ ሆኖ ከታየ ይለቀቅ።

ሦስተኛ፣ የኦንላይን ፈተና ባለቤቶች በሁሉም ጣቢያዎች አንድ ብራውዘርና አንድ የሒሳብ ፎንት ያስጭኑ። ከፈተናው በፊት ተማሪው የሚያየው አንድ የሙከራ ገጽ ይኑር፤ ≥፣ √፣ ክፍልፋይና አሉታዊ ርቢ በትክክል መታየታቸውን አይቶ ያረጋግጥ። ካልታየው እጁን አውጥቶ ኮምፒውተር እንዲቀየርለት መብት ይኑረው።

አራተኛው የመምህራንና የቻናል ባለቤቶች ድርሻ ነው፤ ነገ ጠዋት ሊጀመር ይችላል። ቴሌግራም ክፍልፋይን መደራረብ አይችልም፤ ስለዚህ 3/4 ተብሎ በሰረዝ ይጻፍ፤ ረጅም ከሆነ ላዕሉም ታህቱም በቅንፍ ይታሰር። ² እና ³ የራሳቸው መለያ ያላቸው ምልክቶች ናቸው፤ ሲገለበጡ አይወድቁም። ለትልልቁ ርቢ «2 በ5 ርቢ» ብሎ በቃል መጻፍ አያሳፍርም። ከፒዲኤፍ የተገለበጠ ጥያቄ ሳይነበብ አይለጠፍ። በፓወር ግዕዝና በሲምቦል የተተየበ አሮጌ የጥያቄ ባንክም ወደ ዩኒኮድ ይቀየር። ቅያሬውም ዐይን ባለው ሰው ይታይ።

ከእነዚህ አንዱም መንገድ አይከፍትም፤ የተዘጋ ትምህርት ቤት አያስከፍትም፤ የጠፋ ዓመት አይመልስም። ሰላም ሲወርድ ብቻ የሚመለሱ ነገሮች አሉ፤ መምህርና ሰሌዳ ከእነሱ ናቸው። እስከዚያ ድረስ ግን በእጅ ያለው ስልክ ነው፤ በስልኩ ላይ ያለውም ጽሑፍ ነው። ባሕረ ሐሳብን ያቆዩት ሊቃውንት ቁጥሩን ለተማሪ ሲያስተላልፉ መፈተሻውን አብረው አስተላልፈዋል። ዛሬ መጽሐፍ የሚያሳትም ተቋም፣ ፈተና የሚያወጣ ድርጅት፣ ጥያቄ የሚለጥፍ መምህር ከዚህ ያነሰ ሊደረግላቸው አይገባም ብሎ ለእነዚህ ልጆች ማሰብ አለበት። የላስታ ልጅ ሒሳብ ቢሳሳት ራሱ ይሳሳት፤ የሰው ፎንት አያሳስተው።